ክትሩ የያዘው

ስለ አባቴ ስጽፍ ያየሁትንና የሰማሁትን ለይቼ ለማስቀመጥ እሞክራለሁ። ሥራዬ መዝገብ መጠበቅ ነው፤ ሌላ ዓይነት አጻጻፍ አላውቅም። አባቴ ከበበው ወልደሰንበት ባለፈው ጥቅምት አረፈ። ከሞተ ወዲህ ሰው ሁሉ ስለ እሱ የሚነግረኝ አንድ ነገር ነው፤ ጎርፉን ያቆመ፣ ምንጩን ያዳነ ሰው ነበር ይሉኛል። እውነት ነው። ነገር ግን በመጨረሻዎቹ ዓመታት ይህን ሲሉት አባቴ ፊቱን ያዞር ነበር። ፊቱን የሚያዞርበትን ምክንያት ትቼ ብጽፍ፣ የጻፍኩት ሰው እሱ አይሆንም።

አባቴ የመንዝ ሰው ነው። በወጣትነቱ አዲስ አበባ መጥቶ በአንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ የስፌት መኪና ጠጋኝ ሆነ፤ ጡረታ የወጣውም ከዚያው ነው። ቀኑን ሙሉ ቅባት ውስጥ የሚውል ሰው ቢሆንም እንደ እሱ ቆሻሻ የሚጸየፍ አላውቅም። ጎረቤት መንገድ ላይ ቆሞ ሊጨብጠው እጁን ሲዘረጋ «ቆይ፣ ቆይ» ብሎት ወደ ግቢያችን ቧንቧ ይገባል፤ በኦሞ ታጥቦ፣ በሱሪው አድርቆ፣ ተመልሶ ወጥቶ ይጨብጠዋል። እናቴ አምሳለ «የአንተስ ንጽሕና አይደለም፣ ሕመም ነው» ትለው ነበር።

ቤታችን ላፍቶ ነው፤ ወደ ፉሪ በሚወስደው በኩል፣ ተዳፋቱ ላይ። ከግቢያችን በታች ከኮረብታው የሚወርደው ውሃ ክረምት ክረምት እየቆረጠ ያሰፋው ቦረቦር አለ። በቦረቦሩ ሥር ትንሽ ጅረት ይሄዳል፤ ከጅረቱ ጎን ምንጭ ይፈልቃል። ልጅ ሳለን ከምንጩ እንጠጣ ነበር። ሰፈሩ በቤት ሲሞላ ግን ሰው የሽንት ቤቱን ትርፍ በቱቦ ወደ ቦረቦሩ ለቀቀው። ቱቦ መቅበር ያልቻለው ደግሞ ክረምትን ይጠብቃል። ኃይለኛ ዝናብ ሲወርድ የጉድጓዱን ክዳን ያነሣና በባልዲ እየቀዳ ለጎርፉ ይሰጠዋል። ይህ በእኛ ሰፈር ነውር አልነበረም፤ ብልሃት ነበር። «ዝናብ የድሃ መጣጭ መኪና ነው» ይባል ነበር።

አንድ ክረምት ጎርፉ የእትዬ ሸዋረገድን አጥርና ማድ ቤት ጠርጎ ወሰደው። እትዬ ሸዋረገድ አትክልት የምትሸጥ፣ ምላሷ የሚፈራ ጎረቤታችን ናት። የተፋሰስ ጥበቃ ማኅበራችን የተመሠረተው ያን ጊዜ ነው። አባቴ ጡረታ ወጥቶ ቤት መዋል ከጀመረ ብዙም አልቆየም ነበርና ሰብሳቢ አድርገው መረጡት።

እንዲህ ያሉ ማኅበራት በየቦታው አሉ። የብዙዎቹ ታሪክ አንድ ዓይነት ነው። ታፔላ ይተከላል፣ ኮፍያና ቲሸርት ይታደላል፣ ችግኝ ይተከላል። እንግዳ ሲመጣ ኮፍያው ከሳጥን ይወጣል፤ እንግዳው ሲሄድ ችግኙን ፍየል ይበላዋል። የእኛ ማኅበር እንደዚያ አልሆነም፤ ያልሆነው በአባቴ ምክንያት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት አካፋውን በትከሻው አድርጎ በየበሩ እየዞረ ሰው ይቀሰቅሳል። በቦረቦሩ ውስጥ ከላይ እስከ ታች ድንጋይ በሽቦ ታስሮ ክትር ተሠራ። ጎርፉ በየክትሩ እየቆመ ያመጣውን አፈር ይጥላል፣ ኃይሉ ይበርዳል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ያልፋል። በተከማቸው አፈር ላይ ደሾ ሣርና ቀርከሃ ተተከለ። ምንጩ ተጠርጎ ታጠረ።

ከዚያ የቱቦዎቹ ተራ ደረሰ። አባቴ በማኅበሩ ደንብ ውስጥ አንድ አንቀጽ አስገባ፤ ወደ ቦረቦሩ ፍሳሽ የለቀቀ ከማኅበሩ ይሰናበታል፣ በማኅበሩ ቦታም አይሠራም የሚል። አባላቱን ሁሉ ጠርቶ በመጀመሪያ የራሱን ቱቦ በሲሚንቶ ደፈነ። ይህን አይቻለሁ። ሲሚንቶውን በማንኪያ ሲያስተካክል ዳቦ ላይ ቅቤ የሚቀባ ይመስል ነበር። ከዚያ በየቤቱ እየዞረ የሌላውን ሁሉ አስደፈነ። ያልወደደው ብዙ ነበር፤ ግን የራሱን ቀድሞ የደፈነን ሰው ምን ይሉታል?

በጅረቱ ዳር ያለውን የችግኝ ቦታ የሚጠብቀው ሮበሌ ነበር። ሮበሌ የዚያው አገር ልጅ ነው። ዛሬ ኮንዶሚኒየም የቆመበት መሬት አባቱ ጤፍና ሽምብራ ይዘሩበት ነበር፤ ለእሱ የተረፈችው ከቦረቦሩ አፍ አጠገብ ያለች ጠባብ ግቢ ናት። ማኅበሩ ችግኝ እያፈላና ሣር እያጨደ እንዲሸጥ ፈቀደለት። እሱና ሚስቱ ቢሊሱማ በምላሹ ክትሮቹን ይጠብቃሉ፣ ምንጩን ያጸዳሉ። ሌላ መተዳደሪያ አልነበራቸውም።

ነገሩ የሆነው መንገዳችን ለግንባታ ተቆፍሮ በከረመበት ዓመት፣ ነሐሴ ላይ ነው። መጣጭ መኪና ወደ ሰፈሩ መግቢያ አጣ። የሁሉም ሰው ጉድጓድ ይሞላ ጀመር። አንድ ቅዳሜ ሮበሌ አካፋውን ተደግፎ አባቴን ጠየቀው።

«ጋሼ፣ ጉድጓዴ አፉ ድረስ መጥቷል። መኪናው አይገባ። ምን ላድርግ?»

«ቻል» አለው አባቴ። «ሁላችንም እየቻልን ነው።»

«እኔማ እችላለሁ ጋሼ። ጉድጓዱ ነው እንቢ ያለው።»

ሰው ሳቀ። አባቴ አልሳቀም። በጣቱ ጅረቱን እያሳየ «ወደዚያ አንዲት ጠብታ እንዳትሄድ» አለው።

ሮበሌ ሄዶ በዚያች ጠባብ ግቢ ቢሊሱማ ጎመን የተከለችበትን መደብ ቆፈረና አዲስ ጉድጓድ አወጣ። ቢሊሱማ ጎመኗን ስትነቅል ውላ ማታ ሳታናግረው እንደተኛች ኋላ ራሷ ነግራኛለች።

የእኛም ጉድጓድ ይሞላ ነበር። ከዋናው ቤት ጀርባ የምናከራያቸው ክፍሎች አሉ፤ በአንደኛው ቲና የምትባል ሴት ከባሏ ጋር ትኖር ነበር፣ አራስ ነበረች። ከዚህ በታች ያለውን የሰማሁት ከእናቴ ነው፤ እኔ ያን ቀን ሥራ ነበርኩ። ጠዋት የሽንት ቤቱ ውሃ ወደ ላይ ተመለሰና የቲናን ደጃፍ አራሰው። ቲና ልጇን ታቅፋ ወጥታ «ጋሼ፣ ይሄን ሕፃን ይዤ ወዴት ልግባ?» አለችው። አባቴ መጥረጊያ ይዞ ሲጠርግ፣ አመድ ሲነሰንስ አረፈደ። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ተደፋ፤ ቆርቆሮው የሰው ድምፅ አያሰማም። አባቴ የዝናብ ልብሱን ለበሰና መዶሻና መሮ አነሣ።

«ወዴት ነው በዚህ ዝናብ?» አለችው እናቴ።

«ቱቦውን ላየው ነው።»

«ማየት በመዶሻ ሆነ እንዴ?»

ወደ ጓሮ ዞረ። ሲመለስ ከቧንቧው ሥር ቆሞ እጁን ታጠበ፤ ዝናቡ በላዩ እየወረደበት፣ እናቴ «ግባ እንጂ!» እስክትለው ድረስ ታጠበ። ራቱን ሳይበላ ተኛ።

አባቴ ያን ቀን ያሰበው የድሮውን ጎርፍ ይመስለኛል። የድሮው ጎርፍ የሰጡትን ሁሉ ጠርጎ ወደ አቃቂ ይወስድ ነበር፤ ለሰፈሩ ሰው ምንም አይተርፍም፣ የሚጎዳው ከታች ያለው የማይታወቅ ሰው ነው። አሁን ግን ቦረቦሩ ውስጥ ክትር አለ። ክትሮቹን ያሠራው ራሱ አባቴ ነው። አፈሩን እንዲያስቀር የተሠራው ክትር ሌላውንም አስቀረው።

በማግስቱ ጠዋት ቢሊሱማ በራችንን አንኳኳች። እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ የተለወሰ ስለነበር ወደ ግቢ አልገባችም። «ጋሼ፣ ይምጡና ይዩልን» አለች። አባቴ ተከትሏት ወረደ። ችግኞቹ በያሉበት መደብ ፍሳሽ ተኝቶባቸዋል፤ ምንጩም ተበላሽቷል። ሌላም ሰው ተሰብስቦ ነበር። አባቴ እዚያ ቆሞ ያለውን ነገር በተመለከተ ሁለት ቃል አለኝ። ታክሲ ተራ የሚያስከብረው ሙሉሰው፣ የማኅበሩ ምክትል ሰብሳቢ፣ ምንም አልተናገሩም ይላል። ቢሊሱማ ደግሞ «ማን ነው ይሄን ያደረገ?» ብለው ጠየቁ ትላለች። ቢሊሱማን ነው የማምነው።

ስብሰባው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በእድሩ አዳራሽ ተጠራ። እናቴ ብቻዬን አልሄድም ስላለች አብሬያት ሄድኩ። እሷ ታውቃለች፤ እኔ ገና አላወቅሁም። አባቴ ከፊት ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል፤ ሙሉሰው ከጎኑ ቆሟል።

«ክሱን አሳጥረዋለሁ» አለ ሙሉሰው። «ካስረዘምኩት ሽታው ይመጣብኛል።» ሰው ሳቀ። «ፍሳሹ የወጣው በሮበሌ አጥር ሥር ባለው ቦይ ነው። ጉድጓዴ ሞላ ያለንም ሮበሌ ነው። ከዚህ ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ? ፈርሞበት እንዲሄድ ነው?»

ሮበሌ ተነሣ። «በዚያ ቦይ የማን ቱቦ ያልመጣ አለ? ከላይ ያለው ቤት ሁሉ ቱቦ እዚያ ነው የሚወጣው።»

«ሁሉም ተደፍኗል። ጋሽ ከበበው ናቸው ቆመው ያስደፈኑት።»

«እኔ ሌላ ጉድጓድ ቆፍሬያለሁ። ኑና እዩት።»

«የቆፈርከው ከለቀቅከው በኋላ ቢሆንስ?»

«የገዛ ችግኜ ላይ? ሙሌ፣ አንተ የምትበላው ወጥ ውስጥ ትተፋለህ?»

«ጎርፉ ይወስደዋል ብለህ ነዋ!» አለች እትዬ ሸዋረገድ ከተቀመጠችበት። «ክትሩ እንደሚይዘው መች ታሰበህ!»

«ክትሩን ድንጋይ ተሸክሜ የሠራሁት እኔ ነኝ እትዬ። እንዴት አይታሰበኝም?»

ይህን ብሎ ሮበሌ ተቀመጠ። ሙሉሰው ግን አንቀጹን አነበበ፤ አንብቦም «የሚሰናበት መሆኑን የምትደግፉ» አለ። ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። ቢሊሱማ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች።

አባቴ ተነሣ።

«ሮበሌ አይደለም» አለ። «እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

እናቴ ክንዴን ያዘችኝ። መጀመሪያ የተናገረችው እትዬ ሸዋረገድ ናት፤ ደረቷን በእጇ ያዘችና «ወይ ጋሽዬ! አያችሁ? አባት ማለት እንዲህ ነው!» አለች።

ነገሩን ለማያውቅ ማስረዳት አለብኝ። በእኛ ዘንድ ጠብ ሲከር፣ ሰው ከሰው ሊቆራረጥ ሲል፣ የተከበረ ሽማግሌ ይነሣና ጥፋቱን በራሱ ላይ ያደርገዋል። እኔ ነኝ ያጠፋሁ፣ በእኔ ይለፍ ይላል። ይህን የሚል ሽማግሌ በእርግጥ አጥፍቷል ብሎ የሚያስብ የለም። ሰው የሚያየው ትሕትናውን ነው። በዳዩም በሽማግሌው ምክንያት ምሕረት ያገኛል። በዚያ አዳራሽ የነበረው ሰው ሁሉ የአባቴን ንግግር የሰማው እንዲህ አድርጎ ነው። እኔም እንደዚያው ነው የሰማሁት፤ ኮርቼበትም ነበር።

«እንግዲህ ስለ ጋሽ ከበበው ብለን ትተነዋል!» አለ ሙሉሰው እያጨበጨበ።

«ሙሉሰው፣ ስማኝ እንጂ። እኔ ነኝ ስልህ...»

«ሰማን ጋሼ፣ ሰማን! እርስዎን ያቆይልን! ሮበሌ፣ ምን ትጠብቃለህ? ጉልበታቸውን ሳም እንጂ!»

ሮበሌ አልተነቃነቀም። «ያልሠራሁትን ነገር ምን ብዬ ይቅርታ እቀበላለሁ?»

«አንተ ሰውዬ፣ ሽማግሌ አንገቱን ሲሰጥልህ!» እትዬ ሸዋረገድ ተነሥታ ትከሻውን ገፋችው። «ኧረ ተነሥ፣ ደረቅ!»

ቢሊሱማ ከኋላ መጥታ ጎንበስ አለችና የሆነ ነገር በጆሮው ነገረችው። ሮበሌ ተነሣ። በወንበሮቹ መካከል አልፎ፣ በአባቴ ፊት ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ነካ። ሰው አጨበጨበ፤ ከሴቶቹ መካከል እልል ያለችም ነበረች። አባቴ እናቴን አያት። ከዚያ ተቀመጠ።

በጭብጨባው መካከል ቢናገር ይሰማ እንደሆነ አላውቅም። ግን አልሞከረም፤ ተቀመጠ። አባቴ ኋላ ስለ መዶሻውና ስለ መሮው ሲያወራኝ ድምፁ አይለወጥም ነበር። ስለዚያች መቀመጥ ግን አንድ ቀን ብቻ ነው ያወራኝ፤ ያንንም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ። «ቀለለኝ» አለኝ። «ትሩፋት ልጄ፣ እግዜር ያሳይሽ፣ ቀለለኝ።»

በዚያ ሳምንት ሰፈሩ ለአባቴ የሰጠው ክብር ከዚያ በፊት ሰጥቶት የማያውቀው ነው። ሴቶች መንገድ ላይ ቆመው ጎንበስ ይሉለታል። ታክሲ ተራ ሲደርስ ሙሉሰው ሰልፉን አስቁሞ «ለአባታችን ቦታ ልቀቁ! ጥፋት ተሸክመው ደክሟቸዋል!» እያለ ከፊት አስገባው። ከዚያ ቀን በኋላ አባቴ በእግሩ ነው የሚሄደው። ቤት ሲመጣ ከእናቴ ጋር አይነጋገሩም። ነገሩን የነገረችኝ በዚያው ሳምንት እናቴ ናት። ሰምቼ ወደ እሱ ስሄድ በረንዳው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ፊቴን አይቶ ዐወቀ።

ሐሙስ ከሰዓት ሮበሌ መጣ። በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ። በረንዳው ላይ አባቴ ወንበር ሳበለት፤ አልተቀመጠም።

«ቁልፉን ይዤ መጥቻለሁ ጋሼ።»

«የምን ቁልፍ?»

«የችግኝ ቤቱን። ሰበታ የቢሊሱማ ወንድም አለ። እዚያ የቀን ሥራ አይጠፋም።»

«ይቅር ተብለሃል እኮ» አለው አባቴ።

ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከበሩ አጠገብ ቆሜ ነበር።

ሮበሌ አባቴን ቁልቁል አየው። «የሚያስኬደኝ እሱ ነው። ቢያባርሩኝ ኖሮ እከራከር ነበር። ይቅር ካሉኝ ከማን ጋር እከራከራለሁ? ታክሲ ተራ ላይ ‹ምሕረቱ› ነው የሚሉኝ። ‹ምሕረቱ፣ ዛሬስ አልለቀቅክም?› ይላሉ። ቢሊሱማን ከምንጩ አጠገብ ሲያዩዋት አፍንጫቸውን ይይዛሉ። ስሜ ሮበሌ ነው ጋሼ። አባቴ እዚህ አገር ስም ያለው ሰው ነበር።»

ሮበሌ ቁልፉን በእጁ አገላበጠ።

«እርስዎ ያን ቀን እኔ ነኝ ሲሉ እኔ አምኜዎት ነበር» አለ ሮበሌ። «ከዚያ ሁሉ ሰው እኔ ብቻ ሳላምን አልቀረሁም። ኋላ ሲቀመጡ አይ፣ እውነት ቢሆን አይቀመጡም አልኩ።»

ቁልፉን ወንበሩ ላይ አስቀመጠው። አባቴ አነሣና መልሶ ዘረጋለት።

«እስከ ቅዳሜ ያዘው።»

«ቅዳሜ ምን አለ?»

«እስከ ቅዳሜ ብቻ። እለምንሃለሁ።»

አባቴ ሰውን ሲለምን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ሮበሌ ቁልፉን ተቀብሎ፣ ደህና ዋል ሳይል ወጣ።

ቅዳሜ ጠዋት አባላቱ እንደ ወትሮው አካፋና ዶማቸውን ይዘው በራችን ላይ ተሰበሰቡ። አባቴ በሩን ከፈተና ወደ ግቢ እንዲገቡ ነገራቸው። ቁርስ የተዘጋጀ መስሏቸው እየተሳሳቁ ገቡ። ሙሉሰው «ጋሼ ዛሬ ደግሞ ምን ሊያበሉን ነው?» ሲል ሰምቼዋለሁ። አባቴ በቤቱ ጎን መርቶ፣ በቲና ደጃፍ አሳልፎ፣ ወደ ጀርባው አጥር ወሰዳቸው። እዚያ አሮጌ ቆርቆሮ ተጋድሞ ነበር፤ አነሣው። የቱቦው አፍ ታየ። የተሰበረው ሲሚንቶ ቁርጥራጭ በዙሪያው እንደተበተነ ነው፤ አፉ በጨርቅና በጭቃ ተወትፏል።

«ይህን የደፈንኩት በፊታችሁ ነው» አለ። «የሰበርኩት ብቻዬን ነው። የዚያን ዕለት፣ በዝናቡ።»

ሙሉሰው ተጎንብሶ አየ። «በራሱ ተሰንጥቆ ይሆናላ ጋሼ። ሲሚንቶ እኮ እንደ ድሮው አይደለም...»

«በመሮ ነው የሰበርኩት።»

ሙሉሰው ቀና ሲል ፊቱ ላይ ቀልድ አልነበረም። ቲና ልጇን ይዛ ከደጃፏ ብቅ አለችና ሰዉን አይታ ተመልሳ ገባች። እትዬ ሸዋረገድ ወደ ቱቦው ቀረበች፤ ቱቦውን አየች፣ አባቴን አየች።

«የእኔን ቱቦ ስታስደፍን ልጄ አራስ ነበረች» አለችው። «አስታወስክ? ትንሽ ቀን ስጠኝ ብዬ ለመንኩህ። ምን አልከኝ? ቻይ አልከኝ!»

ከዚያን ቀን በፊት አንተ ብላው አታውቅም። ከዚያም በኋላ እርስዎ ብላው አታውቅም።

«ቻይ ብዬሻለሁ» አለ አባቴ።

«እኔም ቻልኩ! በፖፖ ቻልኩ!»

የሳቀ የለም። አባቴ ወደ ሙሉሰው ዞረና አንቀጹን እንዲያነብ ነገረው።

«ኧረ ተዉ ጋሼ» አለ ሙሉሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በቃ፣ አየነው፣ ይዘጋና ይለፍ። ያ አንቀጽ ለእንደርስዎ ያለ ሰው የተጻፈ አይደለም።»

«ለማን ነው የተጻፈው?»

የመለሰው ሮበሌ ነው፤ ከሁሉም ኋላ ከአጥሩ ጥግ ቆሞ ነበር።

«ለእኔ» አለ።

ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ፤ ወዲያው ደግሞ ዓይኑን መለሰ። ባለፈው እሑድ ያጨበጨቡ እጆች አካፋና ዶማ ይዘው ቆመዋል። ሙሉሰው አንቀጹን በቃሉ አለው። የሚደግፉ እጅ ያውጡ አለ። ማንም አላወጣም። ሮበሌ ብቻ እጁን ከፍ አድርጎ አወጣ፤ አላወረደም። ቀጥላ እትዬ ሸዋረገድ አወጣች። ከዚያ አንድ በአንድ፣ መሬት መሬት እያዩ፣ ሌሎቹም አወጡ። አባቴም የራሱን እጅ አወጣ።

ሮበሌ ሰበታ አልሄደም። በዚያው ሰዓት ወርዶ መደቦቹን ይጠርግ ጀመር፤ ሌሎቹም ተከተሉት። አባቴ ቱቦውን እንደገና ደፈነ፤ መንገዱ ተስተካክሎ መኪና እስኪገባ ድረስም ጉድጓዳችንን ሌላ ጉድጓድ ቆፍሮ አስተነፈሰው። ከሮበሌ ይቅርታ ጠይቆ እንደሆነ አላውቅም። ቢጠይቅ ኖሮ ለእናቴ ይነግራት ነበር ብዬ አስባለሁ። ሮበሌ ከዚያ ወዲህ የእኛን በር አላንኳኳም።

ማኅበሩ አለ፤ ነገር ግን እንደ ድሮው አይደለም። ሰብሳቢው ሙሉሰው ነው፣ ሳያሰልስ ይሠራል። ክትሮቹ ቆመዋል፣ ቀርከሃው አድጓል። ቱቦዎቹ ግን በቀጣዩ ክረምት ተራ በተራ ተከፈቱ። ሙሉሰው በየበሩ ሄዶ ሲናገር የሚሰጡት መልስ አንድ ነው፤ «ጋሽ ከበበውስ?» ይሉታል። ይህን መልስ ሰጥተው በሩን ይዘጉበታል። ከምንጩ የሚጠጣ የለም። አባቴ ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር። ሙሉሰው እየመጣ ይነግረዋል፤ እንዲያዝንለት ሳይሆን ምክር ፈልጎ ነው። አባቴ ምክር አልነበረውም።

ከተሰናበተ በኋላ በነበረው የመጀመሪያ ቅዳሜ ቤት ነበርኩ። ከታች ከቦረቦሩ የዶማ ድምፅና የሰው ጨዋታ ይሰማል። አባቴ ሳሎን ተቀምጦ መስኮቱን ዘግቶታል። እኩለ ቀን ሲቃረብ ሙሉሰው ከታች ሆኖ ጮኸ፤ አንድ ትልቅ ድንጋይ አልነቃነቅ ብሏቸው ነበር፣ ድጅኖው ደግሞ እኛ ቤት ነው የሚቀመጠው።

«ጋሼ! ድጅኖውን ልንወስደው ነው፤ ሮበሌ እየመጣ ነው!»

አባቴ ተነሣ። እኔ ልወስደው ብዬ ስነሣ በእጁ መለሰኝ። ድጅኖውን ከዕቃ ቤት አወጣ። ጫፉ ላይ የደረቀ ጭቃ ነበረበት፤ በቧንቧው አጠበው፣ በጨርቅም አደረቀው። ከዚያ በሩን በጥቂቱ ከፍቶ ከውጭ በኩል አስደገፈውና ዘጋ። ወደ ቤት ሲመለስ መራመዱ መሮጥ ይመስል ነበር። የሮበሌ ኮቴ ዳገቱን ሲወጣ ተሰማ፤ በሩ ጋ ደርሶ ቆመ። ብረቱ ከበሩ ቆርቆሮ ተላቅቆ ሲነሣ ድምፅ አሰማ። አባቴ ሳሎን መካከል ቆሞ፣ ኮቴው ቁልቁል እስኪርቅ ድረስ ትንፋሹን ይዞ ነበር።